መጀመሪያ የቆመው ማሽን ይነሳ፦ «ከቀውስ የሚያወጣው የውጭ ባለሀብት ብቻ ነው» ለሚለው ጽሑፍ ምላሽ

ሰሞኑን ብዙ ሰው እየተቀባበለው ያለ ጽሑፍ አለ። ለእኔ ብቻ አምስት ሰው ልኮልኛል። ጦርነት፣ የባንክ ቀውስ ወይም የዕዳ ጫና የጣለው ኢኮኖሚ በምን ይነሳል የሚል ነው። ጽሑፉ ግልጽ ነው፤ ጸሐፊው ለተቸገረ ሕዝብ እንደሚያስቡም ያስታውቃል። በዋናው ሐሳባቸው ግን አልስማማም። ምክራቸው ሥራ ላይ ቢውል የሚጎዳ ሰው አለ ብዬ ስለምሰጋ ነው መልስ መጻፌ።

መጀመሪያ ያሉትን ሳላዛባ ላስቀምጥ። አንደኛ፣ ቀውስ የሕዝቡን ቁጠባ ስለሚበላ የአገር ውስጥ ባለሀብት ኢኮኖሚ የማንሳት አቅም የለውም ይላሉ። ሁለተኛ፣ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ምዕራብ አውሮፓን ያቆማት የማርሻል ዕቅድ፣ ማለትም የውጭ ገንዘብ ነው። ሦስተኛ፣ ደቡብ ኮሪያና አየርላንድ ከቀውስ የወጡት በራቸውን ለውጭ ባለሀብት ስለከፈቱ ነው። አራተኛ፣ የውጭ ቀጥተኛ ኢንቨስትመንት ዕዳ የለበትም፤ ችግር ሲመጣም አይሸሽም። አምስተኛ፣ ስለዚህ የተቸገረ መንግሥት የግብር እፎይታ ይስጥ፣ ድርጅቶቹንም ቶሎ ይሽጥ፤ የአገሬው ባለሀብት ከኋላ ተከትሎ አቅራቢ ይሆናል።

(ዓመታቱን በሙሉ የጻፍኩት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።)

የመጀመሪያው ነጥብ ላይ ትንሽ እቆያለሁ። ልዩነታችን የሚጀምረው እዚህ ነው።

ቀውስ የሚያጠፋው ምንድን ነው? ጦርነት ከሆነ ፋብሪካ ያፈርሳል፣ ድልድይ ይሰብራል። የባንክ ወይም የዕዳ ቀውስ ግን ማሽን አይሰብርም። አንድ የልብስ ፋብሪካ እናስብ። ማሽኖቹ እንዳሉ ናቸው። ሠራተኞቹ ሙያውን አልረሱም፤ ቤታቸው ተቀምጠዋል። የጎደለው ጨርቅና ክር የሚገዛበት ገንዘብ ነው። ደንበኛው የወሰደውን ዕቃ ሂሳብ አልከፈለም፤ ምክንያቱም እሱም ገዢ አጥቷል። ባንኩ ደግሞ የቀድሞው ብድር ስለተበላሸበት አዲስ ማበደር ፈርቷል። ፋብሪካውን ያቆመው ገንዘብ ከአገር ተሟጦ መጥፋቱ አይደለም። ገንዘብ መዘዋወር ማቆሙ ነው።

እንግዲህ ለዚህ ፋብሪካ የውጭ ባለሀብት ምን ያደርግለታል? አንዱ መንገድ ጎኑ ላይ አዲስ ፋብሪካ መትከል ነው። ከጥናት እስከ ምርት ቢፈጥን ሁለት ሦስት ዓመት ይፈጃል። ሌላው መንገድ ይህንኑ ፋብሪካ በወደቀ ዋጋ መግዛት ነው። ከዚህ ሁሉ በፊት ሠራተኞቹን ነገ ወደ ሥራ የሚመልሰው ግን የሥራ ማስኬጃ ብድርና ሂሳቡን የሚከፍል ደንበኛ ነው። ሁለቱም ያሉት አገር ውስጥ ነው።

አርጀንቲና ይህን አሳይታናለች። በ2001 መጨረሻ ወደ 95 ቢሊዮን ዶላር የሚጠጋ ዕዳ መክፈል አቆመች። በ2002 ኢኮኖሚዋ ወደ 11 በመቶ ተኮማተረ። የዓለም የብድር ገበያ ተዘጋባት፤ በዚያ ጊዜ ገንዘቡን ይዞ ሊመጣ የሚደፍር የውጭ ባለሀብት ከስንት አንድ ነበር። በጸሐፊው ስሌት ከሄድን አገሪቱ ወድቃ መቅረት ነበረባት። ነገር ግን ከ2003 እስከ 2007 በየዓመቱ 9 በመቶ አካባቢ አደገች። የአገሪቱ ገንዘብ ፔሶ ስለወደቀ ከውጭ ይገባ የነበረው ዕቃ ተወደደ፤ የቆሙት የአገር ውስጥ ፋብሪካዎችም ገበያ አገኙ። ባለቤት ጥሎት የሄደውን ፋብሪካ ሠራተኞቹ ተደራጅተው የከፈቱበት ቦታም ነበር። የአኩሪ አተር ዋጋ መጨመሩ ትልቅ እገዛ አድርጓል፤ ይህን አልደብቅም። አርጀንቲና ከዚያ በኋላ ወደ ዋጋ ግሽበትና ወደ ሌላ የዕዳ ቀውስ መመለሷንም አውቃለሁ። ይህ የሚነግረን ግን ከተነሱ በኋላ ቆሞ መቆየት ሌላ ሥራ እንደሚፈልግ ነው። መጀመሪያ ላይ በራሷ አቅም አልተነሳችም አያሰኝም።

«ቁጠባው አልቋል» የሚለውም በጥድፊያ የተባለ ይመስለኛል። በቀውስ ጊዜ ቁጠባ ብዙውን ጊዜ ይደበቃል። ወደ ወርቅ ይቀየራል፣ ወደ ዶላር ይቀየራል፣ ፍራሽ ስር ይገባል፣ ውጭ አገር ይሸሻል። በ1998 መጀመሪያ የደቡብ ኮሪያ ሕዝብ የጋብቻ ቀለበቱንና የልጁን የልደት ወርቅ ሳይቀር አውጥቶ ሲሰጥ፣ 3.5 ሚሊዮን ገደማ ሰው ወደ 227 ቶን ወርቅ አሰባስቧል። ዋጋው ከ2 ቢሊዮን ዶላር በላይ ነበር። ከአገሪቱ ዕዳ አንጻር ይህ ትንሽ ነው፤ ኮሪያን ያዳናት ወርቅ ነው አልልም። ነገር ግን ያ ሁሉ ሀብት ከአንድ ዓመት በፊትም እዚያው መሳቢያ ውስጥ ነበር። የትኛውም የባንክ ሪፖርት ላይ አይታይም እንጂ።

ጸሐፊው ጨርሶ የረሱት ሌላ ገንዘብም አለ። ውጭ የሚኖሩ ዜጎች ገንዘብ። ሕንድ በ1998 በኒውክሌር ሙከራዋ ምክንያት ማዕቀብ ሲጣልባት፣ ውጭ ላሉ ሕንዳውያን ቦንድ ሸጣ በሳምንታት ውስጥ ከ4 ቢሊዮን ዶላር በላይ አገኘች። ይህ ገንዘብ የውጭ ነው ወይስ የአገር ውስጥ? ዶላር መሆኑ የውጭ ያሰኘዋል። ባለቤቱ ግን የአገሩን ሁኔታ ከማንም የውጭ ባለሀብት በላይ ያውቃል፤ ሌላው በሚሸሽበት ሰዓትም ይመጣል።

እዚህ ላይ ለጸሐፊው የምሰጠው ነጥብ አለ፤ ቀላልም አይደለም። ያ የልብስ ፋብሪካ ክሩን ከውጭ የሚያስመጣ ከሆነ በአገር ገንዘብ የሚሰጠው ብድር ብቻውን አያስነሳውም። ዶላር ያስፈልገዋል። የውጭ ምንዛሪ እጥረት እውነተኛ ማነቆ ነው፤ ገንዘብ በማተምም አይፈታም። ነገር ግን ዶላር ከኤክስፖርት ይመጣል፣ ዜጎች ከሚልኩት ይመጣል፣ ከእርዳታና ከብድር ይመጣል። የውጭ ኢንቨስትመንት ከነዚህ መንገዶች አንዱ ነው። በቀውስ ማግስት ደግሞ ብዙ ጊዜ ዘግይቶ የሚደርሰው እሱ ነው።

ወደ ማርሻል ዕቅድ እንሂድ። ምሳሌው ትልቅ ነው፤ ጸሐፊው ካነሱለት ነጥብ ጋር ግን አይገጥምም። አሜሪካ ከ1948 ጀምሮ በአራት ዓመት ገደማ ለምዕራብ አውሮፓ ወደ 13 ቢሊዮን ዶላር ሰጥታለች። አብዛኛው የማይመለስ እርዳታ ነው፤ ከመንግሥት ለመንግሥት የተሰጠ። ትርፍ ፈልጎ የመጣ የግል ኢንቨስትመንት አልነበረም። ስለዚህ እርዳታ ይጠቅማል ለማለት ጥሩ ማስረጃ ነው፤ የውጭ ባለሀብት ያድናል ለማለት ግን አይሆንም።

እንዲያውም ከገንዘቡ መጠን ይልቅ አጠቃቀሙ ነው ቁም ነገሩ። ብሪታንያ ከ3 ቢሊዮን ዶላር በላይ ስትቀበል ምዕራብ ጀርመን ያገኘችው 1.4 ቢሊዮን ገደማ ነው። በቀጣዮቹ ዓመታት በፍጥነት ያደገችው ግን ጀርመን ናት። ምን አደረገች? በሰኔ 1948 ገንዘቧን ቀየረች፤ አብዛኛውን የዋጋ ቁጥጥርም አነሳች። በማግስቱ ሱቆች በዕቃ ተሞሉ። ዕቃው በአንድ ሌሊት አልተመረተም፤ ሰው በማያምነው ገንዘብ ላለመሸጥ ደብቆት ነው የቆየው። ከዚያ ደግሞ የማርሻል ዕቃ የገዙ ጀርመኖች የከፈሉትን ማርክ አጠራቅማ፣ በዚያው ዓመት ባቋቋመችው የመልሶ ግንባታ ባንክ በኩል ለራሷ የድንጋይ ከሰል፣ የኤሌክትሪክና የቤት ግንባታ ሥራ አበደረች። የተመለሰው እንደገና ይበደራል።

ከሁሉ በላይ የሚያስደንቀኝ የ1952ቱ ሕግ ነው። የፍጆታ ዕቃ አምራቾች ጥሩ እያተረፉ ነበር። ከሰሉ፣ ብረቱ፣ ኤሌክትሪኩና የባቡር መሥመሩ ግን ገንዘብ አጥተው ሌላውን ሁሉ ያንቁ ነበር። በሕጉ መሠረት ኢንዱስትሪው 1 ቢሊዮን ማርክ አዋጥቶ ለእነዚህ ዘርፎች ሰጠ፤ በምትኩ የአክሲዮንና የቦንድ ሰነድ ተቀበለ። ከአገር ውስጥ ትርፍ ወደ አገር ውስጥ ማነቆ ማለት ነው። የአሜሪካ ስንዴና ጥጥ ባይመጣ የመጀመሪያዎቹ ክረምቶች እጅግ ይከፉ ነበር፤ በዚህ ከጸሐፊው ጋር አንድ ነን። ፋብሪካውን ያደራጀው ግን የቤቱ ሥራ ነው።

ሦስተኛው ነጥብ፣ ደቡብ ኮሪያና አየርላንድ። እዚህ ቀኖቹን በቅደም ተከተል መደርደር ብቻ ይበቃል።

ኮሪያ በ1997 መጨረሻ ዓለም አቀፉ የገንዘብ ድርጅት ደጅ ቆመች። ቃል የተገባላት የብድር ጥቅል 58 ቢሊዮን ዶላር አካባቢ ነበር። በ1998 ኢኮኖሚዋ ከ5 በመቶ በላይ ወደቀ። በ1999 ደግሞ 11 በመቶ ገደማ አደገ። በሁለቱ ዓመታት መካከል ምን ተደረገ? መንግሥት ባንኮችን ለማጽዳት 64 ትሪሊዮን ዎን (የኮሪያ ገንዘብ) መደበ። የተበላሹ ብድሮችን የሚገዛ ተቋም ሥራ ጀመረ። የማይድኑ ባንኮች ተዘጉ። ዎኑ ስለወደቀ የኮሪያ ላኪዎች ዕቃ ዓለም ላይ ረከሰ፤ የገቢ ዕቃም ቀነሰና አገሪቱ በ1998 በውጭ ሂሳቧ ወደ 40 ቢሊዮን ዶላር የሚጠጋ ትርፍ አስመዘገበች። ይህን የሠሩት በአብዛኛው የራሷ ድርጅቶች ናቸው።

ኮሪያ በሯን ከፍታለች፤ ልክ ነው። በ1998 አዲስ የውጭ ኢንቨስትመንት ሕግ አውጥታለች፤ የውጭ ሰው በአክሲዮን ላይ የነበረበትን ገደብም አንስታለች። የገባው ገንዘብም ቀላል አልነበረም፤ እምነት እንዲመለስ ረድቷል። ግን የፈረንሳዩ ሬኖ የሳምሰንግን የመኪና ፋብሪካ የገዛው በ2000 ነው። የአሜሪካው ጄኔራል ሞተርስ ዴው የተባለውን የኮሪያ ድርጅት የመኪና ሥራ የያዘው በ2002 ነው። ኮሪያ የገንዘብ ድርጅቱን ብድር ከፍላ የጨረሰችው ደግሞ ከዚያ በፊት፣ በነሐሴ 2001 ነው። ትልልቆቹ ገዢዎች የደረሱት ኢኮኖሚው ከተነሳ በኋላ ነው። ቆሞ ያዩትን ነው የገዙት።

ግዢ መሆኑንም ልብ በሉልኝ። ባለቤት መቀየር አዲስ ማሽን መጨመር አይደለም። አንዳንዴ ይጠቅማል፤ ጄኔራል ሞተርስ ባይገዛው ዴው ሙሉ በሙሉ ሊዘጋ ይችል ነበር፣ ብዙ ሠራተኛም እንጀራውን ያጣ ነበር። ይኸው ኩባንያ በ2018 የጉንሳን ፋብሪካውን ዘግቶ ከተማዋን ክፉኛ ጎድቷታል። ሎን ስታር የተባለው የአሜሪካ ፈንድ ደግሞ በ2003 የኮሪያ ኤክስቼንጅ ባንክን ገዝቶ በ2012 በብዙ ትርፍ ሸጠው። አልበቃ ብሎም መንግሥት ሽያጩን አዘገየብኝ ብሎ አገሪቱን በዓለም አቀፍ የግልግል ዳኝነት ለዓመታት አመላልሷታል።

አየርላንድ ላይ ያለኝ ጥያቄ አጭር ነው። የውጭ ድርጅቶቹ መቼ ገቡ? አፕል ኮርክ የገባው በ1980 ነው። ኢንቴል ሌክስሊፕ የገባው በ1989 ነው። ቀውሱ የመጣው በ2008። የመድኃኒትና የቴክኖሎጂ ድርጅቶቹ በቀውሱ ጊዜ ኤክስፖርቱን ይዘው ቆይተዋል፤ ይህን እመሰክራለሁ። ግን እነሱን ያመጣቸው በቀውስ ማግስት የተወሰደ መድኃኒት ሳይሆን የአሥርት ዓመታት ትምህርትና ዝግጅት፣ ዝቅተኛ ግብርና የአውሮፓ ገበያ ነው። ድርጅቶቹ እያሉም ሥራ አጥነት 15 በመቶ ደርሷል።

ቁጥሩም ራሱ ያሳስታል። በ2015 የአየርላንድ ጥቅል አገራዊ ምርት በ26 በመቶ አደገ ተባለ። አገሬው ግን እንዲህ ያለ ዕድገት ኪሱ ውስጥ አላየም። ዋናው ምክንያት ትልልቅ የውጭ ኩባንያዎች የአእምሯዊ ንብረት ሀብታቸውን በወረቀት ወደ አየርላንድ ማዛወራቸው ነበር። አገሪቱ በመጨረሻ ይህን ዓይነቱን ነገር ቀንሶ የሚያሰላ የራሷን መለኪያ ለማዘጋጀት ተገዳለች። ጸሐፊው የጠቀሱት የአየርላንድ ዕድገት በአብዛኛው ይኸው ነው።

አራተኛው፣ «ዕዳ የለበትም፣ አይሸሽም»። ግማሹ እውነት ነው። በ1997 ከታይላንድ የሮጠው የአጭር ጊዜ የባንክ ብድርና ዛሬ ገብቶ ነገ የሚወጣው ገንዘብ ነው። ፋብሪካ የተከለ ሰው ፋብሪካውን ሻንጣ ውስጥ ከቶ አይሄድም። በዚህ ጸሐፊው ልክ ናቸው። ትርፉ ግን ይሄዳል፤ የሚሄደውም በዶላር ነው። ወደ ውጭ የሚልክ ፋብሪካ ዶላሩን ራሱ ያመጣል። ስልክ፣ ውሃ፣ መብራት ወይም የባንክ አገልግሎት ለአገሬው ብቻ የሚሸጥ ድርጅት ግን በአገር ገንዘብ ሰብስቦ ትርፉን በዶላር ያወጣል። ቀውሱ የውጭ ምንዛሪ ቀውስ ከሆነ ይህ ልዩነት ወሳኝ ነው። አርጀንቲና በ1990ዎቹ የአገልግሎት ድርጅቶቿን ስትሸጥ ታሪፋቸውን ከዶላር ጋር አስራ ነበር። በ2002 ማሰሪያውን ስትፈታ ባለሀብቶቹ ተራ በተራ በዓለም አቀፍ ግልግል ከሰሷት። ዕዳ አይደለም የተባለው ነገር ዕዳ ሆኖ መጣ።

የመጨረሻው ነጥብ ምክራቸው ነው፤ እኔን የሚያስፈራኝም እሱ ነው። ቶሎ ሽጡ ይላሉ። በቀውስ ጊዜ ሻጭ ብዙ፣ ገዢ ጥቂት ነው። ተቻኩለህ እንደምትሸጥ ያወቀ ገዢ ደግሞ አይቸኩልም። ግሪክ በ2011 እስከ 2015 ድረስ ንብረት ሸጬ 50 ቢሊዮን ዩሮ አገኛለሁ ብላ አቅዳ ነበር። ያገኘችው የዚያን ጥቂቱን ብቻ ነው። የአየርላንድ መንግሥትም ባለዕዳ ባንኮችን ለማዳን በወረቀት 74 ቢሊዮን ዩሮ የሚያወጡ ብድሮችን በ32 ቢሊዮን ገደማ ገዝቷል። ብዙዎቹ በቅናሽ ወደ ውጭ ፈንዶች እጅ ሲገቡ በሕዝቡ ዘንድ የተነሳው ቅሬታ እስከ ዛሬ አልበረደም።

የግብር እፎይታም ቢሆን ባለሀብት ሲጠየቅ አስቀድሞ የሚያነሳው ነገር አይደለም። የዓለም ባንክ የውጭ ባለሀብቶችን ሲጠይቅ ፊት የሚመጡት ሰላምና የፖለቲካ መረጋጋት፣ ቀጥሎም የማይገለባበጥ ሕግ ናቸው። እነዚህን ደግሞ የአገሬው ነጋዴም ይፈልጋቸዋል። ለእንግዳ አሥር ዓመት ግብር ምሮ፣ ጎኑ ያለውን የአገሬ ሰው በሙሉ ግብር ማስከፈል ውድድሩን ከመጀመሪያው ያዛባዋል።

«የአገሬው ከኋላ ይከተላል» የሚለውን ሞዛምቢክ ሞክራዋለች። የእርስ በርስ ጦርነቱ በ1992 ካበቃ በኋላ ሞዛል የተባለ ግዙፍ የአሉሚኒየም ማቅለጫ ተተከለ፤ በ2000 ማምረት ጀመረ። የመጀመሪያው ምዕራፍ ብቻ ከ1 ቢሊዮን ዶላር በላይ ፈጅቷል። ለዓለም «ሞዛምቢክ ሰላም ናት» የሚል ምልክት ሰጥቷል፤ የአገሪቱንም ኤክስፖርት በብዙ እጥፍ አሳድጓል። በቀጥታ የቀጠረው ግን አንድ ሺህ ሰው አካባቢ ነው። ጥሬ ዕቃው ከውጭ ይመጣ፣ ምርቱ ወደ ውጭ ይወጣ ነበር። የአገሬው አነስተኛ ድርጅቶች አቅራቢ የሆኑት ራሱን የቻለ የሥልጠናና የድጋፍ ፕሮግራም ከተዘጋጀላቸው በኋላ ነው፤ በራሱ ጊዜ የተከተለ የለም።

ጸሐፊው በመሃል ጣል ያደረጉት አንድ ሐሳብ አለ። የአገር ውስጥ ባለሀብት ብዙ ጊዜ ከባለሥልጣን ጋር የተጣበቀ ነው ይላሉ። ይህንን ያለማመንታት እቀበላለሁ። በኮሪያ በ1997 መጀመሪያ የወደቀው ሃንቦ ብረት በፖለቲካ ግንኙነት ባገኘው ብድር ያበጠ ድርጅት ነበር። የአየርላንድን ባንኮች የጣሉት በዋናነት የአገሬው የቤት አልሚዎች ናቸው። «የአገር ልጅ» መሆን ብቻውን ብድር ሊያሰጥ አይገባም። እኔ የምሟገተው ዘመድ ለሌለው አምራች ነው፤ መያዣ ስለሌለው ባንክ ለሚመልሰው፣ ማሽኑ አቧራ ለጠጣበት። እሱን በውጭ ባለሀብት መተካት ችግሩን አይፈታም። ደላላ የለመደ መሥሪያ ቤት ለውጭውም ደላላ ያቆማል።

ቬትናምን አንስቼ ላብቃ፤ ምክንያቱም ብዙ ሰው የውጭ ኢንቨስትመንት ማሳያ አድርጎ የሚጠራት እሷን ነው። በ1986 ማሻሻያውን ስትጀምር ዋጋ በዓመት በብዙ መቶ በመቶ ይንር ነበር፤ ሩዝ ከውጭ ታስገባ ነበር። በ1987 የውጭ ኢንቨስትመንት ሕግ አወጣች። ብዙ ሰው ግን ወዲያው አልመጣም። የአሜሪካ ማዕቀብ የተነሳው በ1994 ነው። በዚህ መሃል፣ በ1988፣ የኅብረት እርሻውን መሬት ለቤተሰቦች አከፋፍላ ምርታቸውን በገበያ ዋጋ እንዲሸጡ ፈቀደች። ገበሬው ያለችውን ጥሪት ዘርና ማዳበሪያ ላይ አዋለ። በ1989 አገሪቱ ከ1 ሚሊዮን ቶን በላይ ሩዝ ወደ ውጭ ላከች። ሳምሰንግ ባክ ኒን ላይ የስልክ ፋብሪካውን ሥራ ያስጀመረው ከዚያ ሃያ ዓመት በኋላ ነው።